በሩ በዚህ በኩል ነው

በወላጆቼ ቤት ደጃፍ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ከመርገጥ ብዛት መሐሉ ጎድጎድ ብሏል። ወንድሜ ሰለሞን ያማረ የእግር መጥረጊያ ገዝቶ አምጥቶ ነበር። እናቴ ተቀብላ፣ መርቃው፣ ጓዳ አነጠፈችው። ድንጋዩ ግን ከቦታው አልተነሣም። ባለፈው እሑድ ልጄን ማርታን ይዤ ቡራዩ ስሄድ ጫማዬን እሱ ላይ ጠረግሁና ጥቂት ቆም አልሁ። ይህ ድንጋይ ከቤቱ በፊት የነበረ ነው። ቤቱ ሳይኖርም ደጃፍ ነበር።

ልጅ እያለሁ አባቴ ከገፈርሳ ወዲህ ባለ የድንጋይ ካባ ይሠራ ነበር። ማታ ሲገባ ልብሱ የድንጋይ ብናኝ ይሸታል፤ ሲያቅፈን ፀጉራችን ነጭ ይሆናል። አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እናቴ ከአባቷ የደረሳት ቁራሽ መሬት ነበረች፤ እዚያ ላይ ቤት ልንሠራ ስንል አንድ ቀን ከላይ የተፈነቀለ ቋጥኝ የአባቴን እግር ያዘው። አዲስ አበባ ሆስፒታል አስገቡት። ወራት ተኛ።

የተከራየነውን ክፍል ለቀቅን። ከመሬታችን አጠገብ የሚኖሩት ኦቦ ቱሉ የጥጃ ቤታቸውን ጠርገው፣ በእበት ለቅልቀው ሰጡን። ጥጃዋ ሌላ ማደሪያ ስላልነበራት አብራን አደረች። በመሐላችን የአጣና አጥር ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት አንገቷን አሾልካ የሰለሞንን ፀጉር እየላሰች ትቀሰቅሰው ነበር፤ እሱም ዓይኑን ሳይገልጥ "እማዬ፣ ተነሥቻለሁ" ይላል።

ዘመዶች ተሰብስበው መከሩ። ሰለሞን ሰበታ አክስቴ ዘንድ እንዲሄድ፣ እኔ ደግሞ አዲስ አበባ አንዲት የሩቅ ዘመድ ቤት እየተላላክሁ እንድማር ተወሰነ። እናቴ ቃል አልተነፈሰችም። ንግግር አታበዛም፤ በዚህ እኔም እሷን ነው የወጣሁት። በማግስቱ ግን እኔንና ሰለሞንን ኬሻ አስይዛ ካባው ወሰደችን። ጠራቢዎቹ የጣሉትን ስብርባሪ ድንጋይ እየለቀምን፣ እየተመላለስን መሬታችን ላይ ከመርን። ከዚያ እናቴ አማተበችና ድንጋዩን በመስመር ትደረድር ጀመር።

"ይህ ሳሎን ነው" አለች። "ይህ የእኔና የአባታችሁ መኝታ። እዚያ የአንቺ አልጋ፣ እዚህ የሰለሞን። ይህ ጓዳ ነው።"

ግድግዳችን ከቁርጭምጭሚቴ አይበልጥም ነበር። በምሥራቅ በኩል ክፍተት ተወችና ጠፍጣፋውን ድንጋይ አነጠፈችበት። "በሩ በዚህ በኩል ነው። አባታችሁ በዚህ በር በእግሩ ይገባል። አራታችንም እዚህ እንኖራለን።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ወደ ጥጃ ቤቱ ሳይሆን ወደ "ቤታችን" ነበር የምንሄደው። ሕግ ነበረው። ጭቃ በድንጋዩ ላይ ይጠረጋል። ሰው ሲመጣ "ቤቶች!" ብሎ ይጣራል፤ ከውስጥ "ይግቡ" እስኪባል ይቆማል። በግድግዳ መዝለል ክልክል ነው። ሰለሞን አንድ ጊዜ ኳሱን ተከትሎ በመኝታ ቤቱ በኩል ዘሎ ገባ። እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ቀና አለች። "ግድግዳዬን አፍርሰህ ነው የገባኸው? ውጣና በበሩ ግባ።" ወጣ። ዞረ። ድንጋዩ ላይ እግሩን ጠረገ። "ቤቶች!" አለ፣ ሊያለቅስ ምንም ሳይቀረው። "ግባ የኔ ጌታ፣ ቤትህ ነው" አለችው፣ ጭራሽ እንዳልተቆጣች።

የሰፈሩ ልጆች መጫወቻ አደረጉን። ደመና ሲጠቁር አጥር ላይ ተንጠልጥለው "እናንተ! ዝናብ መጣ፣ ቤታችሁ ግቡ እንጂ!" ይሉናል። ሰለሞን መልስ አያጣም። "ጣራውን አጥበን አስጥተነዋል! ሲደርቅ እንከድነዋለን!" እየሳቁ ይሄዳሉ። እያደር ግን እነሱም መምጣት ጀመሩ፤ ሲመጡም በበሩ። ከትልልቆቹ መጀመሪያ ደጃችንን ያከበሩት ኦቦ ቱሉ ናቸው። አንድ ቀን ትኩስ ወተት በጣሳ ይዘው ድንጋዩ ላይ ቆሙ። በአንድ እርምጃ ሊሻገሩት የሚችሉት ግድግዳ ፊት ለፊታቸው ነው። ባርኔጣቸውን አወለቁና "ቤቶች! አካም ጅርቱ!" አሉ። እናቴ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። "ይግቡ ኦቦ ቱሉ፣ ኖር።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቴ ሆስፒታል ትሄዳለች። አንድ እሑድ እኔን ወሰደችኝ። የመድኃኒቱ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር። ያ ድንጋይ ሲያነሣ የማውቀው ሰው አንሶላ ውስጥ ትንሽ ሆኖብኝ ደነገጥሁ። እናቴ ስለ እግሩ አልጠየቀችውም። አልጋው ጫፍ ተቀመጠችና "ጓዳውን ወደ ግራ አዞርሁት" አለችው። "ጭሱ ሳሎን እንዳይገባ። ያንተ ወንበር ከበሩ ትይዩ ነው፤ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ታያለህ።" እሷም ቀጠለች፤ የልጆቹን አልጋ፣ መደቡን፣ የውኃ እንስራው የሚቀመጥበትን ጥግ ነገረችው። ልንወጣ ስንል አባቴ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

"መስኮቱስ?"

"የምን መስኮት?"

"መስኮት የሌለው ቤት ሠርተሽ ልታፍኚኝ ነው?" አለና ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ግን ዞሯል። "በገፈርሳ በኩል አድርጊው። ነፋሱ ከዚያ ነው የሚመጣው።"

እናቴ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ያመማት መስሎኝ ነበር። ቀና ስትል እየሳቀች ነው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ በመስኮቱና በጓዳው ይጨቃጨቁ ነበር፤ ነርሶቹ ሳይቀሩ የቤታችንን ነገር ያውቁ ጀመር። አባቴም ከአልጋው ወርዶ መቆምን፣ ቀጥሎም ኮሪደሩን ይዞ መራመድን ሞከረ። "በሩ ድረስ ልሂድ" ይላቸው ነበር አሉ። የትኛውን በር እንደሚል እኛ እናውቃለን።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አክስቴ እትዬ በላይነሽ ሰለሞንን ልትወስድ ከሰበታ መጣች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ደግ ናት፣ ግን ድምፅዋ ገበያ ይበትናል። በድንጋዩ መሐል ቁጭ ብለን ስታየን እዚያው ባለችበት ጮኸች። "ኧረ የሰው ያለህ! ይቺ ሴት ልጆቼን ይዛ ሜዳ ላይ አበደች!"

"እትዬ፣ በሩ በዚህ በኩል ነው" አለቻት እናቴ። "ይግቡ።"

አክስቴ እየተነጫነጨች ዞራ ገባች። እናቴ ክፍል ክፍሉን አሳየቻት። የሰለሞን አልጋ ጋ ሲደርሱ ቆመች። "እዚህ የሚተኛው እሱ ነው። ወንድምዎ ሲመጣ ባዶ ቦታ ላሳየው?" አክስቴ ከእግሯ ሥር ያለውን ሣር አየችው። ሰለሞን ጨርቅ ጠቅልሎ ትራስ አድርጎበት ነበር። ድምፅዋ ጠፋ። ሄዳ ጥጃ ቤቱ በር ላይ ብቻዋን አለቀሰች፣ ያመጣችውን ጤፍ አውርዳ እናቴን ሳመቻትና ብቻዋን ተመለሰች። የእኔም ነገር በዚያው ቀረ።

ከዚያ ግን ክፉ ቀን መጣ። እናቴ ከሆስፒታል ስትመለስ እኛን ሰላም ሳትል ወደ ድንጋዩ ቤት አለፈች። ሐኪሞቹ የአባቴ ቁስል አመርቅዟል፣ ምናልባት እግሩ ይቆረጣል ብለዋታል። ውስጥ ገብታ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ለረጅም ጊዜ ቆመች። ጸሎቷን ስትጨርስ ጎንበስ አለች፤ የበሩን ግራና ቀኝ ድንጋዮች አንሥታ አራርቃ አስቀመጠቻቸው።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"በክራንች ለሚገባ ሰው ይጠባል" አለች። "ሰፋ ይበል።"

ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። ዛሬ እናት ሆኜ ሳስበው ግን እምነቷ ከምንም በላይ የታየኝ ያን ቀን ነው። አምላኳን "እንዲህ ካልሆነ" አላለችውም። አባቴ እንደሚገባ አምና፣ እንዴት እንደሚገባ ግን ለእሱ ተወችለት፤ እሷ በሩን አሰፋች።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግሩ ተረፈ። ጉልበቱ ግን ከዚያ ወዲህ ታጥፎ አያውቅም። የመጣ ቀን ፀሐይ ነበር፤ ሌሊቱን ዘንቦ አፈሩ ይሸታል። መንገዱ ዳር ከታክሲ ሲወርድ አየነው። ክራንቹን እየተከለ፣ እያረፈ፣ ዳገቱን ወጣ። ሰለሞን ሊሮጥ ሲል እናቴ እጁን ያዘችው። "ከቤታችን ሆነን ነው የምንቀበለው።" ኦቦ ቱሉ ሞፈራቸውን አስቀምጠው ከአጥራቸው ሥር ቆመው ያያሉ። ያሾፉብን የነበሩት ልጆችም ተሰብስበዋል።

አባቴ የመጣው በጓዳው በኩል ነበር፤ ያ አጭሩ መንገድ ነው። ድንጋዩ መስመር ጋ ሲደርስ ቆመ፤ እኛን አየ፤ ግድግዳውን አየ። ከዚያ ያንን የማይታጠፍ እግር እየጎተተ ቤቱን ዙሪያውን ዞረው። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ደረሰና ደህናውን እግሩን ጠረገ። ላቡ ይንጠባጠባል። እንደ እንግዳም ተጣራ።

"ቤቶች!"

እናቴ ወደ እኛ ዞረች። እኔና ሰለሞን ነን አገር እስኪሰማ የጮኽነው። "ይግቡ!" በሰፋው በር ከነክራንቹ ምንም ሳይነካው ገባ። ወንበሩ የተቀመጠበትን ቦታ ማንም ሳያሳየው አገኘው። ተቀመጠ፤ ሁለታችንንም አቀፈን። ትንሽ ቆይቶ ወደ እናቴ ቀና አለ። "መስኮቱ አንሷል" አላት።

ክረምቱ ሲወጣ ኦቦ ቱሉ ደቦ ጠሩ። "ሰው ዞሮ በደጁ የገባበት ቤት ጣራ ሊያጣ አይገባም" አሉ። ጎረቤቶቹ ባሕር ዛፉን ከየደናቸው ቆርጠው አመጡ። ጭቃውን ከጭድ ጋር ስናቦካ እስከ ጉልበታችን ገባን። አክስቴ ከሰበታ ቆርቆሮ አስጭና፣ ድምፅዋን ይዛ መጣች። አናጢው በሩን ወደ አውራ መንገዱ ሊያወጣ ሲለካ አይቼ ሮጥሁ።

"በሩ በዚህ በኩል ነው!"

"ደግሞ ይቺ መሐንዲስ ከየት መጣች?" ብሎ ሳቀ።

"እውነቷን ነው" አሉ ኦቦ ቱሉ። "እኔም በዚያ ነው የገባሁት። ቅደደው እዚያ ጋ።"

ቤቱ ልክ በድንጋዩ መስመር ላይ ቆመ። የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ሰለሞን ወጥቶ ለሰፈሩ ልጆች ተጣራ። "ጣራው ደርቋል! ኑ ግቡ!"

ዛሬ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ቤቴ የብሎኬት ነው፤ አጥሩ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ሰው ሲመጣ በር ላይ ሆኖ ስልክ ይደውላል። "ቤቶች" የሚል ከጠፋ ቆየ። ያን ጊዜ ግድግዳ አልነበረንም፣ ደጃችን ግን ይከበር ነበር። ማርታ የማትሪክ ፈተናው ካልሆነላት ወዲህ ሰው ማየት ጠልታ፣ ክፍሏን ዘግታ፣ ቃል ሳይወጣት ሰንብታ ነበር። ባለፈው እሑድ ቡራዩ የወሰድኋት ለዚህ ነው። ድንጋዩ ላይ ቆመን ይህን ሁሉ ነገርኋት። ሰምታ ስትጨርስ ገብተን ከእናቴ ጋር ተቀመጥን።

ጥቂት ቆይቶ የአባቴ የምርኩዝ ድምፅ ተሰማ። አርጅቷል። ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነው። ድንጋዩ ላይ እግሩን ሲጠርግ ይሰማናል። እንደ ሁልጊዜው ተጣራ።

"ቤቶች!"

ማርታ ሳታስበው ሳቀች። "አባባ፣ የራስዎ ቤት አይደል እንዴ?"

"ነው እንጂ" አለ ከውጭ። "ግን ከውስጥ ሲመለስልኝ ደስ ይለኛል።"

እናቴ እኔን አየችኝ። እኔ ማርታን አየኋት። ልጄ ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ ከሁላችንም ቀድማ፣ ከሁላችንም ጎላ ባለ ድምፅ መለሰችለት።

"ይግቡ!"