የእትዬ ረሂማ ክብ ናሙና

እስቲ ይህችን ቆብ እዩዋት። ነጭ ናት፤ ዳሯን የሚዞር ጌጥ አላት፤ ታምራለች። አሁን ራሳችሁ ላይ አድርጓት። አልገባችም አይደል? አትገባም። የሠራኋት እኔ ሠርካዲስ ነኝ፤ ስማቸው የጠፋባት ግን እትዬ ረሂማ ናቸው።

እትዬ ረሂማን እኛ የጉለሌ ሰዎች በኪሮሽ ቆባቸው እናውቃቸዋለን። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሦስት ልጆች ያሳደጉት በዚያች አንድ መርፌ ነው። ቆብ ከመጀመራቸው በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር ያደርጋሉ። በዚያው ክር፣ በዚያው መርፌ፣ የሹራብ እጅጌ የመሰለች አጭር ናሙና እየዞሩ ይሠራሉ። ያጥቧታል። ፎጣ ላይ ያደርቋታል። በማግስቱ ሳይጎትቱ ሜትር ያስቀምጡባትና ዓይኗን፣ ማለትም እያንዳንዷን የክር ቀለበት፣ ይቆጥራሉ። ሰፈሩ ይቀልድ ነበር፦ «እትዬ ረሂማ ቆቡ ሳይወለድ ገላውን ያጥቡታል!» ከሁሉም አብልጬ የምስቀው እኔ ነበርኩ። ኪሮሽ የተማርኩት ብቻዬን ከስልክ ነዋ! ማን ሊያስተምረኝ?

አምና የባለሱቁ የኑሪ ልጅ አሽረፍ ሊያገባ ሆነ። ኑሪ ለሙሽራውና ለሚዜዎቹ አሥራ ስድስት ቆብ አዘዘ። እትዬ ረሂማን ቁርጥማት ጣታቸውን ይዟቸው ስለነበር ጠሩኝ።

«ሠርኬ፣ ስምንቱን አንቺ ያዥልኝ። ዙሪያው ሃምሳ ስድስት ሳንቲ ሜትር ነው። ናሙናዋን በክብ ሥሪያት፣ እጠቢያት፣ ከዚያ ቁጠሪ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

እሺ ብዬ ምን አደረግሁ? መሃረብ የመሰለች ጠፍጣፋ ቁራጭ፣ ሄድ መለስ እያልኩ፣ በአንድ ሻይ ጨረስኩ። በአሥር ሳንቲ ሜትር ሃያ ዓይን ወጣልኝ። አባዛሁት፤ መቶ አሥራ ሁለት። ሒሳቡ ልክ ነው! ልክ ያልሆነው እጄ ነው። እየተመላለሰ ሲሠራ የሚላላ እጅ፣ ሳይመለስ ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲዞር ይጠብቃል። በዚያችው አሥር ሳንቲ ሜትር ውስጥ ሃያ ሁለት ዓይን ገባ። ሁለት ዓይን ምን አላት? ከሰው ራስ ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ትበላለች።

አላወቅሁም ነበር እንዳልል፣ የመጀመሪያዋን ቆብ ራሴ ላይ ሞክሬያታለሁ። ጠበበችኝ። «ሲለብሱት ይለቃል» አልኩና ሰባት ደገምኩ። ቆቦቹን ለእትዬ የወሰድኩላቸው በሰርጉ ቀን፣ በኒካው ጠዋት ነው። በር ላይ ቆመው ጠየቁኝ።

«ናሙናዋን በክብ ሠርተሽ አጥበሻታል?»

«አዎ፣ እትዬ።»

በቃ። ውሸቴ ይቺ ናት። አምነውኝ ፌስታሉን ሳይከፍቱ ተያይዘን ሄድን።

ኑሪ ግቢ ድንኳኑ ሞልቷል። ሸፊ የሚባለው ሚዜ ቆቧን አናቱ ላይ ጉብ አድርጎ ዞረ።

«ይሄ ለሰው ነው ለእንቁላል?»

«አይ፣ ለአሽረፍ የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ ቀድመው አስበውለት ነው!» አለው ሌላው። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ።

ኑሪ ግን አልሳቀም። «እትዬ ረሂማ፣ በልጄ ቀን እንዲህ ያደርጉኛል?»

እትዬ ረሂማ አንዷን ቆብ አንስተው ገለበጧት። የማን እጅ እንደሆነች ያውቃሉ። አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ። እኔ የዕድር ዳኛን ቁጭ በል የምል ሴት፣ አጎንብሼ ፌስታሉን ማጣጠፍ ጀመርኩ።

«እጄ ነው፣ ኑሪ» አሉ። «ጣቴ ከዳኝ። አፉ በለኝ።»

እሳቸው የሠሯቸው ስምንቱ ልክ ነበሩ፤ የእኔ የደረሰው ስምንት ሚዜ ግን ባዶ ራሱን ሄደ። ከዚያ ወዲህ «እጃቸው አርጅቷል» ተባለ፤ ሰዉ ከገበያ የፋብሪካ ቆብ መግዛት ጀመረ። እትዬ ረሂማ በዚያ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ያሉኝ አንድ ቃል ነው፦ «ነገ ነዪ፤ በክብ እንጀምራለን።» አፍሬ ወር ሙሉ ሳልሄድ ቀረሁ። ስሄድ ደግሞ «ለኑሪ እነግረዋለሁ» ብላቸው «ተዪው፣ አለፈ» አሉኝ። እኔም ተውኩት! ይቅርታቸውን መደበቂያ አደረግሁት። እሳቸው ዛሬም መርፌያቸውን ይዘው በር ላይ ይቀመጣሉ፤ የሚያዝዛቸው ግን የለም።

ዛሬ ናሙናዬን በክብ እሠራለሁ፣ አጥባለሁ፣ ሳልጎትት እለካለሁ። ለእሳቸው ስም ግን ይህ ምን ይፈይዳል?

እናንተ ሰርጉ ላይ የሳቃችሁ፣ ወይም ቀልዱን ሰምታችሁ ያዛመታችሁ፣ እለምናችኋለሁ፤ ያወራችሁበት ቤት ተመለሱ። «ስምንቱን ቆብ ያበላሸችው ሠርካዲስ ናት፤ የረሂማ እጅ ደህና ነው» በሉ። ከዚያም ሂዱና አንድ ቆብ እዘዟቸው።