እንደ አገባቡ

ቡልጋሪያ ሰፈር ካለው የእንጨት ሥራ ቤት ስቀጠር ወንዶቹ መጀመሪያ የሰጡኝ መዶሻ አይደለም፤ ቅጽል ስም ነው። ቤቱ ጠባብ ስለነበር ባለቤቱ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አናጢ፣ በሁለት የሥራ ጠረጴዛዎች መካከል አንዲት ቀጭን ሳንቃ ዘረጉልኝ። ቫርኒሽ ቀቢው፣ ትከሻው በር የሚሞላ ቧልተኛ፣ እዚያ ተጣብቄ ስቆም አየኝና «በቃ፣ ሽብልቅ ገባብን!» አለ። ሁሉም በሳቅ አውካኩ። ከዚያ ወዲያ በስሜ የጠራኝ የለም።

ያን ሰሞን እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ ነበር የምውለው። እነሱ ሽብልቅ ሲሉኝ በሰው መሀል ገብታ የምትለያይ ማለታቸው ነው። እኔ ግን ቃሉን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ አባቴ ግንድ ሲፈልጥና ግንዱ እምቢ ሲለው «ሽብልቁን አቀብይኝ» ይለኛል። ሹሉን ብረት ስንጥቁ ውስጥ ከትቶ ሲመታው ግንዱ ለሁለት ይከፈላል። የመጥረቢያው እጀታ ሲላላበት ደግሞ ያው «ሽብልቅ ፈልጊልኝ» ነው። አሁን የሚፈልገው ቀጭን የወይራ ቁራጭ ነው፤ እጀታው ጫፍ ላይ ሲመታት መጥረቢያው ንቅንቅ አይልም።

«አባዬ፣ ሽብልቅ የሚለያይ ነው ወይስ የሚያጠብቅ?» ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን።

«እንደ አገባቡ ነዋ» አለኝና ሥራውን ቀጠለ። ያ ግቢ ዛሬ መንገድ ሆኗል።

እንጨት ቤት በገባሁ በጥቂት ወራት፣ ኦሎምፒያ ላለ ካፌ የሠራናቸው ወንበሮች ተመልሰው መጡ። እግራቸውን በምስማርና በኮላ ነበር የያዝነው፤ ሁሉም ላልተዋል። ባለካፌዋ ቆፍጣና ሴት ናት። «ጋሼ፣ አንድ የማይነቃነቅ ወንበር ሠርተው ያሳዩኝ። ካልሆነ ፕላስቲክ እገዛለሁ» ብላቸው ሄደች። ጋሼ ዓይናቸውን ከእኔ እያሸሹ «ይሄ ሥራ ከሄደ ቤቱ ሁላችንንም አይችልም» አሉ። መጨረሻ የገባሁት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ የሚወጣው ማን እንደሆነ ነጋሪ አላስፈለገኝም።

«እኔ ልሞክረው?» አልኳቸው።

ሐሳቤ የአባቴ መጥረቢያ ነበር። የእግሩን ጫፍ በመቀመጫው ሳንቃ ቀዳዳ አሳልፌ፣ ጫፉን በመጋዝ ሰንጥቄ፣ ስንጥቁ ውስጥ የወይራ ሽብልቅ እመታበታለሁ። ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ ተወጥሮ ይቀራል። ቀቢው ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ «ሽብልቅ ሽብልቅ ልትመታ ነው!»

መታሁት። ሳንቃው ጧ ብሎ ተሰነጠቀ።

«አላልኳችሁም? እሷ ሥራዋ መለያየት ነው!» አለ ቀቢው።

እንባዬ መጣ፤ የንዴት እንባ። ላለማሳየት ጎንበስ ብዬ የተሰነጠቀውን ሳንቃ ማየት ጀመርኩ። ስንጥቁ የሄደው የእንጨቱን የተፈጥሮ መስመር ተከትሎ ነው። ሽብልቄንም ያስገባሁት በዚያው በመስመሩ አቅጣጫ ነው። «እንደ አገባቡ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሰዎቹ አበደች ብለው ዞሩ። ሌላ ሳንቃ አነሳሁ። የእግሩን ስንጥቅ ከነሽብልቁ አዙሬ፣ የሳንቃውን መስመር እንዲያቋርጥ አድርጌ በዚያው መዶሻ መታሁት። ሽብልቁ እየጠበቀ ገባ፤ ሳንቃው ደህና ነበር።

ባለካፌዋ መጥታ ወንበሩን ዞር ዞር ብላ አየችው። ከዚያ ቀቢውን ከእግር እስከ ራሱ ለካችውና «አንተ ተቀመጥበት» አለችው። ተቀመጠ። ወደ ኋላ ተደግፎ ወንበሩን በሁለት እግሩ አቆመው፤ ግራ ቀኝ ተወዛወዘበት። ሲጥ የሚል ድምፅ እንኳ የለም።

«ማለቴ… በቃ፣ ይሄ አይነቃነቅም» አለ።

«ማነው የሠራው?»

«ሽብልቅ ናት።»

«ምን ማለት ነው ደግሞ?»

ቀቢው ከወንበሩ ሳይነሳ አየኝ። «አንዴ ከገባች ማንም አያወጣትም ማለት ነው» አላት።

ሴትዮዋ ሁሉንም ወንበር እንደዚያው እንድንሠራላት አዘዘች። ደስታዬን የት ላድርሰው? እልል አልኩ። ጎረቤት ጋራዥ ያሉት ሰዎች ሰርግ መስሏቸው እጃቸውን እየጠረጉ ወጡ።

በሳምንቱ ጠዋት ስገባ ቀጭኗ ሳንቃዬ ከቦታዋ የለችም። የወንዶቹ ጠረጴዛዎች ወደ ግድግዳው ተገፍተው፣ መሀሉ ላይ አዲስ የዋንዛ ጠረጴዛ ቆሟል።

«የአንቺ ነው» አሉኝ ጋሼ።

ጎንበስ ብዬ እግሮቹ የገቡበትን አየሁ። በየጫፋቸው የወይራ ሽብልቅ ተመቷል፤ አራቱም የሳንቃውን መስመር አቋርጠው ነው የገቡት።