የቆስጣው እርሳስ

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ እርሳስ ብለን የምንጠራት ሴት አለች። ቅጽል ስሙን ያወጣላት እሱ ነው እያሉ እኔን የሚያሙኝ አሉ፤ ይበሉ። ሹፌር ነኝና ሁሉም ወሬውን መኪናዬ ውስጥ አራግፎ ይወርዳል፤ ኋላ የተሰማው ሁሉ ከእኔ አፍ የወጣ ይመስላቸዋል። አዲስ ተቀጣሪዎች ደግሞ ቅጥነቷን አይተው ለዚያ ነው ይላሉ። ቀጭን መሆኗስ እውነት ነው። ስሙ የመጣው ግን ከሥራዋ ነው።

መሥሪያ ቤታችን የኅብረተሰብ ጤና ጥናት ይሠራል። የእሷ ክፍል ሰው በየጓሮው የሚተክለው አትክልት ከአፈሩ ምን ዓይነት ብረት፣ ምን ያህል ስቦ ወደ ቅጠሉ እንደሚያወጣ ይመረምራል። አብዝተው የሚፈሩት እርሳስን ነው። የምንጽፍበትን ማለቴ አይደለም፤ ድሮ ቀለም ውስጥ ይገባ የነበረውን፣ ሕፃን ልጅ ሰውነት ውስጥ ሲገባ አእምሮ የሚጎዳውን ብረት ነው የምለው። ስማቸው አንድ፣ ነገራቸው ለየቅል። ይቺን ልብ በሉልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህች የስም አንድነት ነው።

ቅጠሉ ሲመጣ የምትቀበለው እሷ ናት። በቧንቧ ውኃ ታጥበዋለች፣ ቀጥላ በተጣራ ውኃ ታለቀልቀዋለች፣ ማድረቂያ ውስጥ ታስገባዋለች፣ ከዚያ በሸክላ ሙቀጫ ትወቅጠዋለች። እዚያ ክፍል ብረት አይገባም፤ ቢላዋው እንኳ ፕላስቲክ ነው። ሌሎቹ ሴቶች ሲገቡ ቀለበታቸውንና አምባራቸውን አውልቀው በር ላይ ባለች ሳህን ያስቀምጣሉ። እሷ የምታወልቀው የላትም። አንዷ "አንቺስ ተገላግለሻል" ስትላት አብራ ስትስቅ አይቻለሁ፤ ባላይ ይሻለኝ ነበር። በየከረጢቱ ላይ ምልክት የምትጽፈውም በእርሳስ ነው፤ የእስክሪብቶ ጽሑፍ እርጥበት ሲነካው ይጠፋል። ስለዚህ ጆሮዋ ላይ ሁልጊዜ እርሳስ አለ። እርሳስ ሰክታ እርሳስ የምታሳድድ ሴት ሌላ ምን ተብላ ልትጠራ ኖሯል?

የምትኖረው ብቻዋን ነው። ሠፈራችን አንድ አቅጣጫ ስለሆነ ጠዋት የማመጣት፣ ማታም የማደርሳት እኔ ነኝ፤ ከአንድ ግቢ ጀርባ የተከራየቻት ጠባብ ክፍል አለች። ወላጆቿ ካለፉ ቆይተዋል፤ ወንድሟ ሩቅ አገር ነው፣ ሲመቸው ይደውላል፣ የሚመቸው ደግሞ ከስንት አንዴ ነው። ጠዋት ስትወጣ ራዲዮኗን አታጠፋም። ሌባ ቤት ውስጥ ሰው አለ እንዲል ነው ትለኛለች። እኔ አላምናትም። ያቺን ክፍል የሚሰርቅ ሌባ መጀመሪያ ራሱ እርዳታ ያስፈልገዋል። ስትመለስ የሆነ ድምፅ እንዲቀበላት ነው።

ከራዲዮው ሌላ የሚያናግራት ሰው ቢኖር ባለታፔላዋ ነበሩ። ባለታፔላዋ በዝቅተኛ አጥር የሚዋሰኗት፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ጎረቤቷ ናቸው። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ታፔላ ጻፊ ነበሩ፤ የዚያ ጎዳና ፀጉር ቤትና ሱቅ ሁሉ ስሙን ያጻፈው እሳቸው ዘንድ ነው። የሚሠሩት ጓሯቸው ውስጥ ነበር። አሮጌውን ታፔላ ፍቀው፣ በላዩ አዲስ ቀብተው፣ የተረፈውን እዚያው ይደፉታል። እሳቸው ሲሞቱ ሚስትየዋ ጣሳውንና ሳንቃውን አስጠርገው፣ ሰውየው ይቀመጡበት በነበረው ቦታ ላይ ቆስጣ ተከሉ። ቦታው ባዶ ሆኖ ማየት አልቻልኩም ይሉ ነበር።

ያ ቆስጣ ያምር ነበር። ባለታፔላዋ እሱንና ከልጃቸው የተወለደች ሚጢጢ የሚሏትን የልጅ ልጃቸውን ያሳድጋሉ። ሲደርስ ለእርሳስ በአጥሩ ላይ አንድ እቅፍ ያቀብሏታል፣ ከቆስጣው ጋር ወሬ ይከተላል፣ ወሬው ከቆስጣው ይበልጣል። ምን በላሽ፣ ለምን ከሳሽ፣ ያ ሹፌር ደህና አድርጎ ነው የሚነዳው? ቀኑን ሙሉ ምን በላሽ የሚላት ሌላ ሰው አልነበረም። ጠዋት መኪና ስትገባ ባለታፔላዋ ያሏትን ሁሉ ትነግረኛለች፤ እኔም ይሰለቸኛል፣ ግን እሰማለሁ።

አንድ ቀን ባለታፔላዋ አዲስ መደብ ሲቆፍሩ፣ ከአፈሩ ጋር የደረቀ ቀለም ቅርፊት ወጣ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። ሚጢጢ እየለቀመች ትጫወትበታለች፤ አንዱን ወደ አፏ ስትል እርሳስ በአጥሩ ላይ አየቻት። በዚያን ቀን የተሰጣትን ቆስጣ አልቀቀለችውም። በወረቀት ከረጢት አድርጋ፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ሥራ ገባች። ራሷ አጠበችው፣ ራሷ ወቀጠችው።

ውጤቱ ሲመጣ ከሚፈቀደው እጅግ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ጥሩ ሴት ናት፤ ሌላ ሰው ሳይሰማ በፊት ቤተሰቡ ይወቅ፣ ልጅቷ ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟ በነፃ ይመርመር፣ ጎረቤትሽ ስለሆኑ ከአንቺ አፍ ቢሰሙት ይሻላል አለቻት። ለማለት ቀላል ነው። ብትናገር ያንን አጥር ልታጣ ነው። ዝም ብትል ሚጢጢ ልትበላው ነው።

ነገረቻቸው። "እትዬ፣ አፈሩ ውስጥ እርሳስ አለ፤ ቆስጣው እየሳበው ነው" አለቻቸው። ባለታፔላዋ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ያ ሰውዬ እርሳስ ሲጥል ነው የኖረው፣ ጆሮው ላይ ሰክቶ እርሳሴን ማን ወሰደው ብሎ ቤት ሲያምስ ነው የኖረው፣ ታዲያ አፈሩ ውስጥ እርሳስ ቢኖር ምን ይገርማል አሉ። ሳቃቸው እሷንም አሳቃት። ቢያንስ እስክትመለስ ድረስ ቆስጣውን እንዳይነኩት ቃል አስገብታቸው ገባች።

ጠዋት ይህን ስትነግረኝ ተናደድኩ። ለቀልድ ነው እንዴ የላኩሽ አልኳት። መስኮቱን እያየች፣ ሰው ካሳቀች ብዙ ጊዜ እንደሆናት፣ ለአንድ ማታ ብቻ እንዲቆይላት ፈልጋ እንደሆነ ነገረችኝ። ማታ መኪናዬን አቁሜ አብሬያት ገባሁ።

ጓሮው ቆስጣ የነበረበት አይመስልም። ባለታፔላዋ ሁሉንም ነቅለው ዳር ላይ ከምረውታል፤ አፈሩን በእጃቸው ሲበረብሩ ውለው እስከ ክንዳቸው ጭቃ ሆነዋል። ሚጢጢም አጠገባቸው ናት፣ እሷማ እስከ አገጯ። ሲያዩን ብድግ ብለው መዳፋቸውን ዘረጉ። አንዲት ያለቀች፣ የቀለሟ ልባስ የተላጠ፣ ጫፏ የተኘከ እርሳስ።

"አገኘሁት" አሉ። "ጥርሱ እንኳ አለበት፣ እይው። ይኸው አወጣሁልሽ። እንግዲህ ቆስጣውን መልሼ ልትከለው?"

ፊታቸው እንደ ልጃገረድ ፊት በርቶ ነበር። እኔ ብሆን ይትከሉት ብዬ በሮጥኩ። እርሳስ ግን ቆመች።

"እትዬ፣ ይሄ አይደለም" አለች። "እኔ የምልዎት በዓይን አይታይም። ቀለሙ ውስጥ የነበረ ብረት ነው። ቆስጣው ከአፈሩ ይጠጣዋል፤ ሚጢጢ ከቆስጣውም ከአፈሩም ታገኘዋለች። ደሟ መታየት አለበት።"

ባለታፔላዋ ልጅቷን አዩ፣ አፈሩን አዩ፣ እርሳሱን አዩ።

"እሱ ነው መርዝ የቀበረብን ነው የምትይኝ?"

"አያውቁም ነበር፣ እትዬ። ማንም አያውቅም ነበር።"

ባለታፔላዋ ሚጢጢን ወደ ቧንቧው ወስደው እጇን በሳሙና አሿት፣ አፏን አሿት፣ ጥፍሯን አንድ በአንድ ፈተሹት። ከዚያ ጀርባቸውን እንደሰጡን፣ "ስትወጪ በሩን ዝጊው" አሉ። ዘጋችው።

ሚጢጢ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ተወሰደች። ደሟ ውስጥ እርሳሱ ተገኘ፤ ግን በጊዜ ነው የደረሳችሁት አሉ፣ አንዲት የጤና ባለሙያም እየተመላለሰች ትከታተላት ጀመር። መጠኑ እየቀነሰ መጣ። በዚህ ደስ ሊለን ይገባል፤ ደስም ብሎናል። ሠፈሩ ግን ሌላ ነገር ያዘ። የሌላውም ጓሮ ሲመረመር፣ ያቺ ሴት ናት ያሳበቀችብን ተባለ። ሱቅ ስትገባ ወሬ ይቆማል። ቅጽል ስሟ እንዴት ከመሥሪያ ቤት እንደወጣ አላውቅም፣ እዚያም እርሳስ መጣች ይሏታል፣ እኛ በምንላት ዓይነት ግን አይደለም። ባለታፔላዋ በአጥሩ ላይ፣ ቆስጣ በሚቀባበሉበት ቦታ፣ ቆርቆሮ አስመቱበት። ሚጢጢ ከቆርቆሮው ወዲያ ስትስቅ ይሰማታል። ራዲዮውን ቀንሳ ትሰማለች።

መኪና ውስጥ ወሬ ቀረ። ባለታፔላዋ ያሏት ነገር የለማ። ያ ሁሉ የሰለቸኝ ወሬ ናፈቀኝ፤ ምን በላሽ ልላት አስብና ከእኔ አፍ ሲወጣ ያስቃል ብዬ እተወዋለሁ።

ኋላ ዶክተሯ በዚያ ጓሮ ሱፍ አበባ አስተከለች። ሱፍ እርሳሱን በጥቂት በጥቂቱ ከአፈሩ ይስባል፤ ፍሬ ሳይዝ ይቆረጣል፣ በከረጢት ታሽጎ ይወሰዳል፣ እንደገና ይተከላል። አፈሩ እስኪጠራ ብዙ ዓመት ይፈጃል፣ ጨርሶ መጥራቱንም እንጃ። ባለታፔላዋ የተስማሙት ከዶክተሯ ጋር ነው። ቆራጯ ግን እርሳስ ናት። ጓንቷን አድርጋ በዋናው በር እንደ እንግዳ ትገባለች፣ እኔ ከረጢት ይዤ እከተላለሁ። ባለታፔላዋ ከመስኮቱ ኋላ ቆመው ያያሉ። "እንደምን ዋሉ እትዬ" ትላለች። መስኮቱ አይከፈትም። እየቆረጠች ትሄዳለች። አበባው ከእሷ ይረዝማል፤ ከውስጡ ስትጠፋ የሚሰማው የመቀሷ ድምፅ ብቻ ነው።

ከዕለታት በአንዱ ቆርጣ ጨርሳ ከረጢቱ ላይ ልትጽፍ ስትል የእርሳሷ ጫፍ ተሰበረ። ኪሷን ዳበሰች፣ ጆሮዋን ዳበሰች፣ ሌላ የለም። እኔ እስክሪብቶ ነበረኝ፤ አይሆንም አለችኝ። ይህን ጊዜ መስኮቱ ተከፈተ። አንድ እጅ ወጣ፤ እጁ ላይ ያቺ ጫፏ የተኘከች ቁራጭ እርሳስ አለች፣ በደንብ ተቀርጻለች።

"ስትጨርሺ መልሺልኝ" አሉ ባለታፔላዋ።

እርሳስ ጓንቷን አወለቀች፤ እጇ ንጹሕ ሆኖ ሳለ በጋውኗ ጠረገችው። ተቀበለች። ከዚያ ጻፈች። ምልክት መጻፍ ለእሷ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው፤ በዚያን ቀን ግን አንዷን ፊደል ስትጽፍ ሌላዋን የምትረሳ ይመስል ቀስ፣ ቀስ አለች። ጨርሳ በሁለት እጇ መለሰች። ባለታፔላዋ እርሳሱን አዩት፣ እሷን አዩዋት።

"ከስተሻል" አሉና መስኮቱን ዘጉ።

ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ጓሮ በሄድን ቁጥር እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አውጥታ መቀመጫው ላይ ታስቀምጥና ትወርዳለች። ዕቃ ረስታ የማታውቅ ሴት። አየዋለሁ፣ የመኪናዬ መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ፣ ከረጢቴን አንሥቼ እከተላታለሁ፤ ረሳሽው ብዬ ጠርቻት አላውቅም።