የጓጎለው ገንፎ

ልጅ እያለሁ ቤታችን ሁለት ነገር ይሸት ነበር፤ ቆዳና ገብስ። ቆዳው የአባቴ ነው። አባቴ ደምሴ አሰላ ውስጥ የታወቀ ኮርቻ ሰፊ ነበር። ከበራችን አጠገብ በቆርቆሮ የከደናት ዳስ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከበቆጂ ድረስ በፈረስ ለሚመጡ ባላገሮች ኮርቻና ልጓም ሲሠራ ይውላል። ገብሱ የእናቴ ነው። በሶ፣ ቅንጬ፣ ቂጣ፣ ቆሎ፣ አጥሚት፣ ገንፎ፤ እናቴ ከአንድ ቁና ገብስ የማታወጣው የምግብ ዓይነት አልነበረም። በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ ማለዳ ተነስተን፣ ምድጃው ዙሪያ ተኮልኩለን የምንበላው ቅቤ ጠብ ያለበት ትኩስ ቅንጬ ጣዕሙ እስካሁን ምላሴ ላይ አለ። ይህን ስል ግን ጣፋጭ ጣፋጩን ብቻ ላወራችሁ እንዳልተነሳሁ ከወዲሁ እወቁልኝ።

እኛ ቤት ምግብና ዱላ አይለያዩም ነበር። መጀመሪያ አባታችን ይበላል፤ እኛ እጁን አስታጥበን ግድግዳ ተደግፈን እንቆማለን። እሱ ሲጨርስ የተረፈው ወደኛ ይመጣና ሦስት ልጅ ይረባረብበታል። ትልቋ እኔ ነኝ፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከኔ በታች አምስት ዓመቱ የነበረው ታደለና አፏን በቅጡ ያልፈታችው ብዙነሽ አሉ። ታደለ ሲበላ ዓይኑን ወደኔ፣ እጁን ወደ ብዙነሽ የሚልክ ሌባ ነበር። ብዙነሽ ትነክሰዋለች፣ እሱ ፀጉሯን ይጎትታል፣ እኔ ሁለቱንም በኩርኩም እላቸዋለሁ፣ እናቴ ትደርስና ሦስታችንንም በያዘችው ነገር ታዳርሰናለች። እናቴ እጅ የገባ ነገር ሁሉ ዱላ ነበር፤ ማማሰያ፣ ወንፊት፣ አንዴም ያልተላጠ ድንች ወርውራብኛለች። የእሷ ግን ቶሎ ይረሳል፤ ጭኔን ቆንጥጣኝ እንባዬ ሳይደርቅ በዚያው እጇ ታጎርሰኝ ነበር። የአባቴ እንደዚያ አልነበረም። እሱ የሚመታን ኮርቻ በሚያስርበት ጠፍር ነው፤ ያረፈበት ቦታ ሳምንት ሙሉ ሰንበር ሆኖ ይታያል።

የኛ ዘመን ሰዎች ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም ስንገናኝ "ድሮ ልጅ ይቀጣ ነበር፤ እኛ ሰው የሆንነው በዱላ ነው" እያልን መሳቅ እንወዳለን። እኔም አብሬ ስቄአለሁ። አሁን አሁን ግን ይህን የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። እኛ ያደግነው ገንፎ በልተን እንጂ ጠፍር በልተን አይደለም። እስቲ የአንድ ቀን ነገር ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ክረምቱ ሲወጣ እናቴ አራተኛ ልጇን፣ ወንድ፣ ወለደች። ያዋለዷት ጎረቤታችን አዴ ሀዋ ነበሩ። አዴ እንደኛ ወይዘሮ ማለት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጡ የአርሲ ሴት ነበሩ፤ ላሞቻቸው ከአጥራችን ማዶ ይታለባሉ፣ ወተቱም ለኛ ይተርፋል። ልጁ እንደተወለደ የሰፈሩን ሴቶች ጠርተው ገንፎ አስገነፉ። ክርስቲያኗም ሙስሊሟም ከአንድ ገበቴ እየዛቀች በላች፤ እልል ብላ፣ መርቃ ሄደች። ከዚያ በኋላ ያለው ምግብ የኔ ሆነ። ትምህርት ቤት ቀርቼ፣ ነጠላዬን አገልድሜ፣ የቤት እመቤት ሆንኩ። ኩራቴን ብታዩት!

በዘጠነኛው ቀን ለምሳ ገንፎ ልሠራ ተነሳሁ። እናቴ መደቡ ላይ ሕፃኑን አቅፋ እንደተኛች "ውሃው ሳይንተከተክ ዱቄት እንዳትጨምሪ" ብላ አስጠንቅቃኛለች። ብዙነሽ ርቧት እግሬ ሥር ትንከባለላለች። ታደለ የበሶውን ቅል ሊከፍት ሲታገል ራሱ ላይ ደፍቶት፣ ነጭ ሆኖ መሀል ቤት ቆሟል። ጭሱ ዓይኔን ያጠፋዋል። ቶሎ ዝም ላሰኛቸው ብዬ ውሃው ገና ለብ ሲል ዱቄቱን በአንድ ጊዜ ሞጀርኩት። ጓጎለ። ባማስለው፣ ብጨፈልቀው፣ ባለቅስበት አልፈታ አለ፤ ላዩ ገንፎ፣ ውስጡ ደረቅ ዱቄት። ደህና ደህናውን ለእናቴ ሰጠሁ፣ ልጆቹን አበላሁ። ለአባቴ ጓሉ ቀረ። ቅቤና በርበሬ በላዩ አብዝቼ ሸፈንኩት፤ ብልጥ መሆኔ ነበር።

አባቴ የዚያን ዕለት ጠዋት ምን እንደደረሰበት የሰማሁት በኋላ ነው። አንድ ደንበኛ፣ ከፈረሱ ሆድ ሥር የሚታሰረው ጠፍር ተበጥሶ ጥሎት፣ ኮርቻውን አምጥቶ እግሩ ሥር ወረወረለት። በሰው ፊት "ፋቂ!" ብሎ ሰደበው። አባቴ ቆዳ ይሰፋል እንጂ ቆዳ አይፍቅም ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ስድብ ሰው ያጋድላል፤ እሱ ግን ደንበኛውን ምንም አላለውም። ቁጣውን ይዞልን ቤት ገባ።

ተቀመጠ፣ ታጠበ፣ ጎረሰ። በሁለተኛው ጉርሻ ጓሉ አፉ ውስጥ ፈረሰና ደረቅ ዱቄት አነቀው። ሳል ሲለቀው ቀና ብሎ አየኝ።

"ማነው የሠራው?"

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

"አፈር አብይኝ እንግዲህ! ቤቴም ናቀኝ!"

ገበቴውን ከነገንፎው ወረወረው። ጠርዙ ቅንድቤን ሰነጠቀው፤ ደሙና ቅቤው አብረው ዓይኔ ውስጥ ገቡ። ጠፍሩን ከግድግዳው ሲያወርድ በድምፁ አወቅሁ። የመጀመሪያው ጀርባዬ ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው አንገቴ ላይ ተጠመጠመና መሬት ላይ ጣለኝ። ታደለ ከመደቡ ሥር ገባ። ሦስተኛውን ስጠብቅ አንድ ከባድ፣ ትኩስ ነገር በላዬ ወደቀ። እናቴ ነበረች።

"ደምሴ፣ ልጅ ናት! በእመቤቴ ይዤሃለሁ!"

አልተያዘም። በሷ ላይ አወረደው፤ እሷ በወረደባት ቁጥር እኔን ወደ ሆዷ ትጨምቀኛለች። በመጨረሻ በእግሩ ገፍቶ ከላዬ አነሳትና ጎኗ ከመደቡ ጠርዝ ጋር ተላተመ። ከዚያ ድምጿ ጠፋ። ከቀሚሷ ሥር ደም ወጥቶ በአመዱ ላይ መጣ፤ ቀስ እያለ፣ እየሰፋ። አባቴ ደሙን አየ። ጠፍሩን እንደያዘ ወጣና ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ፣ ወስፌውን አንስቶ መስፋቱን ቀጠለ።

እኔ በዚያች ደቂቃ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ውሃው ሳይንተከተክ ዱቄት ጨመርኩ፤ እናቴን ገደልኳት።

በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ሮጥኩ። አዴ ሀዋ ወተት እየናጡ ነበር። ፊቴን ሲያዩ የወተቱን ዕቃ ለቀቁት።

"ኢንታላ ኮ! ልጄ! ምን ሆንሽ?"

"ገንፎው ጓጎለብኝ፤ እማዬ ልትሞት ነው" አልኳቸው።

ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቁኝም። ገብተው እናቴን መደቡ ላይ አወጧት፤ እግሯን በትራስ ከፍ አደረጉ፣ ጨርቅ አነባብረው ያዙላት፣ ትኩስ አጥሚት ጠብ ጠብ አደረጉላት። ደሙ እየቀነሰ ሲሄድ አንዲት ሌላ ጎረቤት አጠገቧ አስቀምጠው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሲመለሱ ሲንቄያቸውን ይዘዋል። ሲንቄ የአርሲ ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን፣ ቀጥ ያለች በትር ናት። አዴ ሀዋ መንገዱ መሀል ቆመው ጮኹ። ጩኸቱን ከማዶ ሌላዋ ተቀበለች፣ ከዚያም ሌላዋ። ጥቂት ሳይቆይ ደጃችን በአንድ እጃቸው ሲንቄ፣ በሌላው እርጥብ ሣር በያዙ ሴቶች ተሞላ። ወላድ የመታውን ወንድ በዘፈን እየሰደቡ መሬቱን ይረግጡታል።

አባቴ ከዳሱ ወጣ። "እኔ አርሲ አይደለሁም!" ብሎ ጮኸ። "የናንተ ደንብ አይገዛኝም! ሚስቴ ናት!"

"አንተን ማን ጠየቀህ?" አሉት አዴ ሀዋ። "የወለደችው እሷ ናት። ገንፎዋን በልተናል። ገንፎዋን በልተን ደሟን ዝም ብለን አናይም!"

ሊያስፈራራቸው ጠፍሩን ወደ ላይ ሲያነሳ ሴቶቹ ሁሉ ባንዴ ገፍተው ገቡ። ማን እንደጣለው አላየሁም። ጭቃው ላይ በጉልበቱ ሲወድቅ ግን አየሁ። ጠፍሩን ከእጁ ነጥቀው፣ በራሱ ካራ ቆራርጠው በተኑት፤ የሰፋውን ኮርቻ ጎትተው እበት ላይ ጣሉት። እኔ በር ላይ ቆሜ፣ ቅንድቤ እየደማ፣ ጮቤ ረገጥኩ። የገዛ አባቴ ነበር። ያ ደስታ ዛሬ ድረስ ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ሦስት ቀን ከደጃችን አልተነሱም። በየቤታቸው ላም ሳይታለብ፣ ለባል ምሳ ሳይቀርብ ቀረ። ኮርቻ ሊያሠራ የመጣ ባላገር ሁሉ ሲንቄውን ከሩቅ ሲያይ ፈረሱን ይመልሳል። በሦስተኛው ቀን ባሎቻቸው ራሳቸው መጥተው "ደምሴ፣ ስለ ፈጠረህ ታረቅልን፤ ረሃብ ሊገድለን ነው" ብለው ለመኑት። አባቴ በግ ገዝቶ ወጣ፤ ሣር ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። የበጉ ነገር ዛሬም ያስቀኛል። ክርስቲያን ያረደውን እነሱ አይበሉም፣ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም። ስለዚህ በጉን የአዴ ሀዋ ባል አረዱት፤ ሴቶቹ ደጃችን ላይ ጠብሰው ሲበሉ አባቴ ቆሞ አየ። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ታደለ "እኔም እስላም ልሁን!" ብሎ አለቀሰ። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አላነሳበትም።

እናቴ ዳነች። አዴ ሀዋ እጄን ይዘው ገንፎ አስተማሩኝ፤ በየቀኑ ጥርት ያለ፣ እንደ ቅቤ የሚለሰልስ ገንፎ እየሠራሁ ሰጠኋት። እየበላች ዝም ትላለች። እኔ የምጠብቀው አንድ ቃል ነበር፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም እንድትለኝ። ልጁ ተጠምቆ፣ እናቴ ወገቧን አስራ ማዕድ ቤት የገባች ቀን፣ አሁን ትለኛለች ብዬ ተከትያት ገባሁ። በሩን ዘጋች። ማማሰያውን አነሳች።

"የቤቴን ገመና አደባባይ የምታወጪው አንቺ ማነሽ? ባሌን ጭቃ ላይ አንከባለልሽው!"

ማማሰያው እስኪሰበር መታችኝ። የአባቴ ጠፍር ያን ያህል አላስለቀሰኝም። ደግሞ የዚያን ቀን አላጎረሰችኝም።

አባቴ ከዚያ ወዲያ እናቴን ሲመታ አላየሁም። አዲስ ጠፍር ግን ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ የሷም ድርሻ ወደኛ ዞረ። ለልጅ ሲንቄ የሚያወጣ አልነበረም።

እናቴ አርጅታ እኔ ቤት ከረመች። ጥርስ ስላልነበራት ገንፎ አቅጥኜ በማንኪያ አበላት ነበር። አንድ ቀን አላስችል አለኝና ጠየቅኋት።

"እማዬ፣ ከአራስ ቤት የተነሳሽ ቀን ለምን መታሽኝ?"

"እኔ?" አለች፤ ትክ ብላ አየችኝ። "እኔ አንቺን መትቼሽ አላውቅም።"

አልዋሸችም፤ ከልቧ ነበር። ማንኪያውን አስቀምጬ ጓዳ ገባሁ፣ አለቀስኩ፣ ተናደድኩ። ገንፎው ሳይቀዘቅዝ ተመልሼ አበላኋት። ዓመቱ ሳያልቅ አረፈች፤ ቃሉንም ይዛው ሄደች።

ዛሬ አዳማ፣ ሴት ልጄ ቤት ነው ያለሁት። የልጅ ልጄ ከፍ ባለች ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይበላል። ያሻውን ይተፋል፣ ያሻውን ይወረውራል፣ ወለሉ ሾርባ ነው፤ የሚቆጣው የለም። መጀመሪያ ሰሞን እጄን ተነሳ ተነሳ ይለው ነበር። ባለፈው ልጄ እያበላችው ሳለ እየሳቀች "እማዬ፣ ሽሮውን የደፋሁ ቀን ትዝ ይልሻል? በጫማሽ ፊቴን ያልሽኝ?" አለችኝ።

"መቼ?" አልኳት። እውነቴን ነው፤ ምንም ትዝ አይለኝም።

"ሰባት ዓመቴ ነበር። ወንድሜ ያን ሰሞን ሲታመም ያን ቀን ሳይበላ ስላደረ ነው ብዬ፣ በኔ ምክንያት ነው ብዬ፣ ስንት ጊዜ አለቀስኩ መሰለሽ!" አሁንም ትስቃለች።

ያልተመታ ልጅ ማን አለ፣ ልላት ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ዋጥኩት።

"ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም" አልኳት። "የኔ ነው።"

ሳቋ ቆመ። ማንኪያዋን በአየር ላይ እንደያዘች፣ አርባ ዓመት ያለፋት ሴት እንደ ሕፃን አለቀሰች። ልጁ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ማንኪያውን ከእጇ ተቀብዬ አጎረስኩት።