ሮለር ላይ የነጣው ዘይት

የሆነው አምና በጥምቀት ማግስት ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ባስታወስኩት ቁጥር ግን ዛሬም ቆሽቴ ድብን ይላል።

አምቦ ነው የምኖረው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ከሥራ መልስ ግቢያችን ውስጥ አንዲት አሮጌ ዲኤክስ መኪና ስፈታና ስገጥም ዓመታት አለፉ። ከተጋጨ መኪና የወጣ ባለ ተርቦ ሞተር ገጠምኩላት። ጎረቤቱ «ይሄ ልጅ ለየለት» ቢልም ጆሮ አልሰጠሁም። ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው እሁድ አዲስ አበባ የመኪና ውድድር ነበር፤ ተመዘገብኩ። የቀረኝ ሞተሯን ማስተካከል ብቻ ነበር።

ለዚህ ደግሞ ሮለር ያለው ጋራዥ ያስፈልጋል። መኪናዋ እንደታሰረች ጎማዋ ብረት ላይ ይሽከረከራል፣ ማሽኑ ጉልበቷን ይለካል፣ ባለሙያው ነዳጁንና እሳቱን በኮምፒውተር ያስተካክላል። ለአርብ ቀጠሮ ያዝኩ። ጠዋት ገፍተን አይሱዙ ላይ ጫንናትና ጊንጪን፣ ሆለታን አልፌ አዲስ አበባ ደረስኩ።

ሮለሩ ላይ ስትወጣ እንዴት ያለ ድምፅ አወጣች መሰላችሁ! ባለሙያው ነዳጁን ጠበቅ አድርጎ ሲረግጥ ግን የዘይት መብራቷ በራ። ወዲያው አጠፋት። የዘይት መለኪያውን መዝዞ ሲያየው ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል።

«ውሃ ገብቶበታል፤ የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው ተሰንጥቋል» አለ ሰው በተሰበሰበበት። «አምቦ የተገጠመ ሞተር ይኸው ነው!»

«በገዛ እጄ ነው ያሰርኩት! ራዲያተሩን እይ፣ ውሃው ጠብታ አልጎደለም» ብዬ ጮህኩ።

«ሜካኒኩ እኔ ነኝ አንተ?» አለኝ።

ሊሰማኝ ነው? ፈታው። ቴስታታው አልተሰነጠቀም። ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም ደህና ነው። ይቅርታ ይለኛል ብዬ ብጠብቅ፣ ትከሻውን ሰብቆ ወደ ሌላ መኪና ሄደ! ሞተሯ ተበታትናለች፤ ለእሁድ መልሶ መግጠም የማይታሰብ ነው። የስንት ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ።

እጄ ዘይት በዘይት እንደሆነ ስልኬ ጮኸ። አዳዳ ናት፤ የአባቴ እህት፣ ያሳደገችኝ። ያቺን መኪና ባየች ቁጥር የምታማትብ ሴት ናት።

«ያ ኢልማ ኮ፣ በሰላም ገባህ ልጄ? መኪናዋ እንዴት ሆነችልህ?»

«ገና ነው አዳዳ፣ እየተሠራች ነው» አልኳት።

«አይዞህ፣ አትፍራ። ትናንት ከጥምቀተ ባሕሩ ያመጣሁትን ጠበል አፍስሼባታለሁ። አንተ ሁልጊዜ የምትሞላበት ቀዳዳ የለም? በሱ ነው።»

የዘይቱ ቀዳዳ! «አዳዳ!» ብዬ ጮህኩ። ጠበሉ ምን አጠፋ? እሷስ እንዳልሞት ብላ አይደል? «ደህና ናት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና የአይሱዙውን ጎማ በእርግጫ መታሁት። እግሬ ለሳምንት አበጠ።

የባሰው ገና ነበር። እሁድ ውድድሩ ላይ አንድ መኪና ተገለበጠ። እግዜር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ሳልወዳደር መቅረቴን ያየችው አዳዳ ይህን ሰማች፤ በቃ፣ «ልጄን ጠበሉ አተረፈው» ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰችው። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «እንኳን አተረፈህ» ይለኛል። ጥርሴን ነክሼ «አሜን» እላለሁ።

ሞተሯን መልሼ ገጥሜያታለሁ። ዘንድሮም ተመዝግቤያለሁ። ኮፈኑ ላይ ቁልፍ አሠርቼ ቁልፉን ከኪሴ አላወጣም። አዳዳን ልቆጣት ግን እስካሁን አፌ አልታዘዘልኝም፤ ይሄ ራሱ ያናድደኛል።

ትናንት ከሥራ ስገባ አዳዳ ደጅ ቁጭ ብላ ጀሪካን ታጥባለች። አምና ለጠበል የወሰደችው ትንሽ ጠርሙስ ነበር።