መንጃ ፈቃዴ የተያዘበት ቤት

ዕድሜዬን የጨረስኩት መሪ ይዤ ነው። ከኮምቦልቻ አሰብ፣ አሰብ ሲዘጋብን ደግሞ ጅቡቲ። የሐረጎን ቁልቁለት በጭጋግ እየወረድኩ የፍሬን ሽታ ቁርሴ የነበረ ሰው ነኝ። አሁን የምንቀሳቀሰው የጋቢዬ ዘርፍ በፈቀደልኝ ልክ ነው። የዘርፉን ጫፍ የያዘችው የልጅ ልጄ ናት፤ ስምንት ዓመቷ ነው።

ደሴ ያለው ግቢያችን ሽንት ቤቱ ከጓሮ ነው፤ በሩ ቆርቆሮ። እኔ ስገባ እሷ ውጭ ትቆማለች።

«አባባ፣ አለህ?»

«አለሁ።»

ትንሽ ትቆይና ትደግማለች። ሰፈሩ ሁሉ አንቱ ሲለኝ አንተ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። መልስ መስጠቱ ሲሰለቸኝ እዚያው ቁጭ ብዬ መዝፈን ጀመርኩ፤ ድምፄ እስከተሰማ ድረስ አልጠፋሁም ማለት ነው። አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ፣ ምላሷ ምላጭ የሆነ ደግ ሴት፣ አንድ ቀን ከወዲያ ማዶ፣ «አያ ሾፌር፣ ዛሬስ ዘፈኑ ረዘመ፤ ሆድዎን አሞዎት ነው?» አለችኝ።

የልጅቷ እናት፣ ልጄ፣ ኮምቦልቻ ነበረች፤ ልጇን ብቻዋን ነበር የምታሳድገው። ጦርነቱ ከተማው በገባ ሰሞን ቤት ውስጥ ዱቄት አለቀና አንድ ማለዳ ልጇን እንደተኛች ትታ ዱቄት ፍለጋ ወጣች። አልተመለሰችም። ከዚህ በላይ አልተርከውም፤ በእኛ አገር የዚህን ታሪክ ቀሪ የማያውቅ የለም።

ልጅቷ ከዚያ ወዲህ እኔ ጋ ናት። ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የምትተኛው። መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት ቀስ ብዬ አወልቅላት ነበር፤ ስትነቃ መልሳ ታጠልቀዋለች። ኋላ ተሸነፍኩና ለመኝታ የሚሆን ሌላ ንጹሕ ጫማ ገዛሁላት። ሻጩ ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ «በሕልሟ ሩቅ ትሄዳለች» ብዬው ወጣሁ።

በዚህ መሀል ዓይኔን ሞራ ጋረደው። ግራው ከሄደ ቆይቷል፤ ቀኙም እየተከተለው ነው። የሐረጎ ጭጋግ ጡረታ ሲወጣ ዓይኔ ውስጥ ቤት ሠራ እላለሁ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄጄ ታየሁ፤ እሷም ዘርፌን ይዛ አብራኝ ነበረች። ሞራው ይወጣልዎታል፣ አንድ አዳር ግን ብቻዎን ያድራሉ ተባልኩ። ባይወጣስ አልኩ። ይጨልማል አሉኝ። ቀጠሮው ደረሰ፤ እሷ ዘርፌን አለቅም አለች፤ ቀጠሮው አለፈ። ብሄድ እሷ፣ ብቀር ዓይኔ። ዕውር ሽማግሌ ደግሞ ልጅ አያሳድግም፤ ልጅ ይመራዋል እንጂ።

ፒያሳ አካባቢ ባለ አዳራሽ፣ ጦርነቱ የጎዳቸውን ልጆች ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች ትምህርት ይሰጣል ብላ የገፋፋችኝ ያቺው ጎረቤቴ ናት። ስገባ ከእኔ በቀር ሱሪ የለበሰ ሰው አላየሁም። አንዲት እናት በትሕትና፣ «አባት፣ የእድሩ ስብሰባ ነገ ነው» አለችኝ።

«እኔም ወላጅ ነኝ» ብዬ ተቀመጥኩ። ልጅቷ አጠገቤ፣ ዘርፌ በእጇ።

አሠልጣኟ ለጋ ናት። በመጀመሪያ ልጆችን «ጅብ መጣልህ» እያላችሁ አታስፈራሩ አለች፤ እነዚህ ልጆች ከጅብ የባሰ አይተዋል። ቀጥላ፣ «ከቤት የምትወጡት እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«በበር» አልኩ። ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ አንዷ ከረሜላ ላምጣልህ ብዬ ነው የምወጣው አለች፤ ሌላዋ ሲጫወት፣ ሌላዋ ሲተኛ።

«ተደብቃችሁ አትውጡ» አለች አሠልጣኟ። «እያየ ውጡ። ወዴት እንደምትሄዱ፣ መቼ እንደምትመለሱ ንገሩት።»

«ቢያለቅስስ?»

«ያልቅስ። አልቅሶ ለሸኘው መሄድ ልቡ ይዘጋጃል። ተኝቶ ያመለጠውን ግን ሁልጊዜ ሲጠብቅ ይኖራል።»

አልተዋጠልኝም። ስለ መውጣት ለእኔ ልትነግረኝ? የሾፌር ወግ እኮ የታወቀ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ፣ ልጆች ሳይነቁ፣ ጫማን በእጅ ይዞ። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ሌባ እንኳ እንዳንተ አይረግጥም» ትለኝ ነበር፤ እኔም እንደ ምስጋና እወስደው ነበር።

ሁለተኛው ቀጠሮ ሲደርስ ከጎረቤቴ ጋር መከርኩ። በማለዳ መጥታ ከልጅቷ ጎን ልትቀመጥልኝ ተስማማች። ተነሣሁ። ጫማዬን በእጄ ያዝኩ። በሩን በርጋታ ከፈትኩ፤ ጎረቤቴ ሻርፗን ተከናንባ ደጃፉ ላይ ቆማለች። አንድ እርምጃ ስቀጥል ጋቢዬ ያዘኝ። የአልጋው ምስማር መስሎኝ ሳብኩት። ልጅቷ አብራ መጣች።

ዘርፉን ከእጇ አንጓ ጋር አስራው ኖሯል። ጎረቤቴ አፏን በሻርፗ ያዘች። ልጅቷ አላለቀሰችም። የምታየው ፊቴን ሳይሆን በእጄ የያዝኩትን ነበር።

«እማዬም በእጇ ይዛው ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ጫማዋን። እንዳልነቃ ብላ። እኔ ግን አልተኛሁም። የእኔን ጫማ ስፈልግ ራቀችብኝ።»

ጎረቤቴ፣ «ያ አላህ» አለችና ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። እኔም አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። ልጄ ያን አረማመድ ከማን እንደተማረችው መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ በቤታችን ሾፌር የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ቀጠሮም አለፈ።

በሚቀጥለው ትምህርት እጄን አወጣሁ። «እኔ ከመጀመሪያ ልጀምር» አልኩ፤ «ጀርባዬ ላይ ‹ለማጅ› የሚል ለጥፉልኝ።»

አሠልጣኟ ከቅርብ ይጀምሩ አለችኝ። እስከ ግቢው በር፣ ከዚያ እስከ ሱቅ፣ ከዚያ ራቅ እያሉ። መመለሻዎን ልጅቷ በምታውቀው ነገር ይንገሯት፤ ሰዓት አይሁን። የእርስዎ የሆነ ነገርም ይተዉላት። እኔ ጋቢዬን ልተውላት አሰብኩ። ልጅቷ ግን የነገርኳትን የሾፌር ወግ ሁሉ ስታጠራቅም ከርማለች።

«ትራፊክ ሾፌር ሲይዝ ምን ይወስድበታል ነበር ያልከኝ?»

«መንጃ ፈቃዱን።»

እጇን ዘረጋች። ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፣ ፎቶው ላይ ያለው ባለ ጎፈሬ ጎረምሳም አሁን የለም ብዬ ተከራከርኩ። «ይሁን» ብላ ተቀበለችኝ።

ቤታችን መናኸሪያ ሆነ፤ እሷ ስምሪት ሰጪ። ሳትፈቅድልኝ መውጫ የለም።

«መድረሻ?»

«ሱቅ።»

«ጭነት?»

«ሳሙና።»

«መመለሻ?»

«ድንቹ ሳይበስል።»

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ብቻዬን እስከ ፒያሳ ደረስኩ። እዚያ ሻይ ቤት ያረጁ ሾፌሮች ይቀመጣሉ፤ የሞቱ መኪኖችን እያነሡ ይጨቃጨቃሉ። «እስረኛው ተፈታ» ብለው ወንበር ሳቡልኝ። ለልጅቷ የነገርኳት ቀትር ላይ ለዙሁር አዛን ሳይል እመለሳለሁ ብዬ ነው። አዛኑ ሲጀምር አንደኛው ወሬው መሀል ነበር፤ እኔም ትንሽ ልስማው አልኩ። ስመለስ ደፍ ላይ ተቀምጣለች፤ መንጃ ፈቃዴ በጭብጧ ውስጥ ታጥፏል።

«ስምሪት የለም» አለችኝ። ከግቢው በር እንደገና ጀመርን።

ሦስተኛው ቀጠሮ መጣ። ሐኪሙ ዓይኔ ከዚህ በላይ አይጠብቅም ብሎኝ ነበር። ቁርሷን በላች። ከቤቱ መሀል ተቀምጬ ጫማዬን አጠለቅኩና ወለሉን ረገጥ ረገጥ አደረግኩት፤ ጎረቤት ሁሉ ይስማ።

«መድረሻ?»

«ቦሩ ሜዳ።»

«ጭነት?»

«አንድ ዓይን።»

«መመለሻ?»

«አድሬ፣ ነገ ለዙሁር አዛን ሳይል።»

ከዚያ አለቀሰች። እንደዚያ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም። ጎረቤቴ አልያዘቻትም፤ ከጎኗ ተቀመጠች እንጂ። እኔም ጀርባዬን እንድታየው በዝግታ ወጣሁ። ያን ያህል የከበደኝ ዳገት አላስታውስም፤ ግቢያችን ደግሞ ሜዳ ነው።

በማግስቱ ግራ ዓይኔ ታሽጎ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ካልሞላ አይነቃነቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስጠብቅ ኖሬ አሁን ወንበር ላይ ተቸንክሬ ቀረሁ። ፀሐይዋ ወደ አናት እየወጣች ነው።

«ወንድሜ፣ እንሂድ።»

«አባት፣ ሁለት ሰው ይቀረናል። ምን አስቸኮለዎ?»

«መንጃ ፈቃዴ ተይዟል።»

ሾፌሩ ዞር ብሎ የታሸገውን ዓይኔን አየ። «ባይመልሱልዎ ነው የሚሻለው» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ከመሳቅ በቀር የምወርድበት አልነበረኝም። በመጨረሻ ሁለት ሴቶች ዶሮ ይዘው መጡልን።

የሰፈራችንን ዳገት ስወጣ አዛኑ ጀመረ። ሩጫ ካልነው ሮጥኩ። ግቢው በር ላይ ቆማለች።

«ሳይል ነበር ያልከው፤ ሲል መጣህ።»

«ሚኒባሱ አልሞላ ብሎኝ ነው።»

አሰበችበት። ፋሻውን በጣቷ ነካ አደረገችው። «ሁለተኛው ዓይንስ?»

«የእሱም ሞራ ይወጣል ብለዋል፤ ይኼኛው ሲድን።»

መንጃ ፈቃዴን ወደ ኪሷ መልሳ ከተተችው። «እንግዲያው ይቆይ።»

መኝታ ሲደርስ ዘርፉን ከእጇ ጋር አሰረችው፤ እንደ ወትሮው። ፈታችኝ ብዬ ነበር፣ እኔ ቂሉ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ዷ አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላው። አንዱ ዓይኔ ታሽጓል፣ ሌላው ጭጋግ ነው፤ በእጄ ዳሰስኩ። ጫማ የለም፤ ባዶ እግር ነው፤ የደሴ ብርድ የነካው፣ ጭብጥ የማይሞላ። ቋጠሮው እንደጠበቀ ነው። በጋቢው ጫፍ እግሯን ሸፈንኩላት፤ እጄ የሚደርሰውም እስከዚያው ነበር።