ያልነገርኩት መስመር

ተመራቂዎችን ስለ ሥራ ማማከር ለምትጀምሩ የምነግራችሁ አንድ ነገር አለኝ፤ ስለ ቅናት ነው።

ለብዙ ዓመታት በጅቡቲ መንገድ ላይ በዘጋቢነት ከተመላለስኩ በኋላ፣ ሰመራ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ በአማካሪነት ተቀጠርኩ። አብራኝ የገባችው ወጣት አፋር ለሥራ ዓለም አዲስ ነበረች። ክፍሎቻችን ጎን ለጎን ናቸው። እኔ ተማሪ ሲመጣ ማስታወሻዬን አወጣለሁ፤ ምን ተማርክ፣ ውጤትህ ስንት ነው፣ የት መሥራት ትፈልጋለህ እያልኩ እጽፋለሁ። እሷ እስክሪብቶ እንኳ አታነሳም። አፋሮች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ተራ በተራ የሚነጋገሩበት ዳጉ የሚባል ልማድ አላቸው፤ እሷም የምትጀምረው በዚያ ነው። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቤተሰቡ ትጠይቃለች፤ የራሷንም ትናገራለች። ወረፋው እሷ በር ላይ ነው። ተማሪዎቹ የእኔን በር ሲያልፉ ቀና ብዬ አላይም፤ በድምፃቸው ግን እለያቸው ነበር።

አንድ የእጽዋት ሳይንስ ተመራቂ ቀድሞ ወደ እኔ መጣ። መልካ ወረር በአንድ የጥጥ እርሻ ረዳት ባለሙያ እንደሚፈለግ ነገርኩት። "እሺ ጋሼ" ብሎ ወጣ፤ አላመለከተም። በሳምንቱ እሷ ዘንድ ገባ። ግድግዳው ስስ ነው። እናቱ ከወሎ መጥታ አዋሽ ከተማ ምግብ ቤት እንደከፈተች፣ እሱ እንዲረከባት እንደምትጠብቅ፣ እምቢ ለማለት እንደፈራ ሲያወራት ሰማሁ። ለእኔ ከዚህ አንዱንም አልነገረኝም። እዚያው ሆነው ለእናቱ ደወሉ፤ ፈቀደችለት። ሲስቅም ሰማሁት።

ከዚያ ባልደረባዬ ለመልካ ወረሩ ሥራ ማመልከቻውን በኢሜይል እንዲልክ ነገረችው። የሥራ ማስታወቂያውን እኔ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቤዋለሁ። ዋናውን ማስረጃ ይዞ በአካል መቅረብ ግዴታ ነው ይላል፤ ምዝገባው አርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ያበቃል። ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ጋዜጠኛ ሳለሁ ያረጋገጥኩትን መረጃ ደብቄ አላውቅም። በሯን አንኳኩቶ መናገር ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ጊዜ እሷም ትሳሳት አልኩና ተቀመጥኩ።

አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነገርኳት። አውቶቡሶቹ ሄደዋል። ከጅቡቲ ወደ እኛ ሲመጣ ሰርዶ ከተማን ያለፈ አንድ የማውቀው የከባድ መኪና ሹፌር ጋ ደውዬ ልጁን አሳፈርነው። መልካ ወረር ሲደርስ ቢሮው ተዘግቷል።

"መቼ ነው ያወቁት ጋሼ?" አለችኝ።

"ትናንት።"

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "እኛ ዘንድ ሰው ያየውን ከሸሸገ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አይነግረውም። ለልጁ ራስዎ ይንገሩት፤ እኔ አልነግርልዎትም።"

በሚቀጥለው ሳምንት አዋሽ ሄድኩ። ልጁ ምግብ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ይወለውላል። የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

"እሷ በጣም አዘነች?" አለኝ። "እኔ እሷን አልተቀየምኳትም፤ ይንገሩልኝ።"

እንደምነግርለት ቃል ገባሁ። ስለ እኔ ምንም አላለም። የመመለሻ መኪና እየጠበቅኩ ራሴን ስመረምር፣ ከጸጸቱ ይልቅ የከነከነኝ አሁንም ስለ እሷ መጠየቁ ነበር።